የቀለመወርቅ መብራት

ቀናተኛ አይደለሁም የምትል ሴት ካለች መጀመሪያ መጥታ ቀለመወርቅን ትያት።

እኔና እሷ ጅጅጋ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። አያቶቻችን ለውትድርና መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። እሷ ነጋዴ አገባች፣ እኔ ዲያቆን አገባሁ። ዲያቆኑ ቀሰሰና ከጅጅጋ ወጣ ብላ ቱሊ ጉሌድ ዳር ላለች አንዲት የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን ተመደበ። ንፋስ ሲነሳ የጣሪያዋ ጩኸት ቅዳሴውን ይውጠዋል። ምእመኑ ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ሚኒባስ አይሞላም።

ጅጅጋ ያለው፣ ሁለታችንም ክርስትና የተነሳንበት ቤተ ክርስቲያን በ2010 ክረምት ተቃጥሎ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ የመቅደሱን መጋረጃ ማን ሰጠ? ቀለመወርቅ። ምንጣፉንስ? ቀለመወርቅ። ዘንድሮ ደግሞ ለዓመታዊው ንግሥ ከዱባይ ትልቅ የመስታወት መብራት አስመጣች አሉ። እርር ድብን አልኩ። ሰው ለእግዚአብሔር ቤት ሰጠ ተብሎ ይቃጠላል? እኔ ተቃጠልኩ።

ለዚህ ንግሥ ባሌ ቄስ የጌታሁንም እንዲቀድስ ተጠራ። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ወደዚያ ሊያዛውሩት አስበው አገልግሎቱን ሊያዩ ነው። ለዚህ ዝውውር ስንት ዓመት ተስያለሁ! ጅጅጋ ልገባ፣ ከተማ ልኖር፣ እኔም በተራዬ "የቄሱ ባለቤት" ተብዬ ከፊት ልቆም።

ጎረቤቴ ሂባቅ የወርቅ ጉትቻዋን አዋሰችኝ። "ጓደኛሽን ልታቃጥያት ነው አይደል?" ብላ ሳቀች። "ዋላሂ ያምርብሻል!"

የጌታሁን አየኝና "የሰው ወርቅ አያደምቅ" አለ።

"አንተ ካባ ስለምትለብስ ነው። ዝም በል!" አልኩት።

አንድ ነገር ግን ከቀለመወርቅ እበልጣለሁ። እኔ እቆርባለሁ። በእኛ የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን ያለነው ሁሉ፣ ባልም ሚስትም፣ እንቆርባለን። የጌታሁን ነው አንድ በአንድ ንስሐ እያስገባ እዚህ ያደረሰን። "ጣሪያው ቢያፈስ ምን ቸገራችሁ? ክርስቶስ የሚያድረው እናንተ ውስጥ ነው" ይለናል። ቀለመወርቅን ግን ባሏ "ስናረጅ እንቆርባለን" እያለ አስቀርቷታል። ስለዚህ በልቤ ወሰንኩ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እሷ ባሰቀለችው መብራት ሥር አልፌ እቆርባለሁ፣ እሷ ቆማ ታየኛለች። ጾሜ ሄድኩ። ጾሙ ለቁርባን ይሁን ለቀለመወርቅ እግዜር ይወቀው።

ስገባ ወይ ጉድ! ምንጣፉ እግር ይውጣል። መብራቱ ግድግዳው ላይ ያሉትን ቅዱሳን አዲስ ልብስ ያለበሳቸው ይመስላል። ቀለመወርቅ ከሩቅ አየችኝና በሰው መሀል ተሽሎክልካ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ሳምሪዬ! ጉትቻሽ እንዴት ያምራል!" አለችኝ በሹክሹክታ።

የእሷ ጆሮ ባዶ ነበር። ይሄም አበሸቀኝ። ሀብታም ወርቅ የማያደርገው ስላለው ነው።

ቅዳሴው ገፋ። "ንጹሕ የሆነ ይቅረብ፣ ንጹሕ ያልሆነ ግን አይቅረብ" ተባለ። መጋረጃው ተገለጠና ሥጋውና ደሙ ወጣ። ያ ሁሉ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሕፃን የታቀፉ እናቶችና ጥቂት አሮጊቶች ቀረቡ፣ በቃ። የቀረው ምንጣፉን ያያል። ቀለመወርቅም የራሷን ምንጣፍ ታያለች።

እሰይ! አልኩ በሆዴ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወደፊት ተራመድኩ።

ከኋላዬ ነጠላዬን ያዝ አደረገችኝ። ዞር ስል ፊቷ በእንባ ርሷል።

"ሳምሪዬ፣ እንዴት እንደምቀናብሽ ብታውቂ" አለችኝ። "ያን ሁሉ ዕቃ አስገብቼ፣ ባዶዬን ነው ቤቴ የምመለሰው። አንቺ ክርስቶስን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ቆርበሽ ስትመለሺ የነጠላሽን ጫፍ ልሳም?"

ይሄን አልነበር የፈለግሁት? እንድትቀናብኝ? "ንጹሕ የሆነ" የተባለው ቃል እዚያው ጆሮዬ ላይ፣ ከሂባቅ ጉትቻ ጋር ተንጠልጥሎ ቀረ። ምን ይዤ ነው የምቀርበው? ተመልሼ አጠገቧ ቆምኩ።

"ምነው?" አለችኝ ደንግጣ።

"ዝም በዪ" አልኳት። ሁለታችንም ምንጣፉን አየን። የጌታሁን ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ በዐይኑ ሲፈልገኝ አየሁት፣ አንገቴን ደፋሁ።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ስንመለስ፣ የጌታሁን "ወደውኛል፣ ዝውውሩ አልቋል፣ ና ብለውኛል" አለኝ። እልል እንድል ነበር የጠበቀው። ጉትቻውን ማውለቅ ስጀምር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ዛሬ ለምን አልቆረብሽም?" ሲል ጠየቀኝ።

"እምቢ በላቸው።"

"ምን አልሽ? ስንት ዓመት ስትነዘንዢኝ ኖረሽ?"

"እምቢ በላቸው አልኩህ! እዚያ ብታስገባኝ በቅናት አልቃለሁ። ይኸው አንድ ቀን ብሄድ፣ ጾሜ የሄድኩበትን ቁርባን ትቼ ምንጣፍ ሳይ ዋልኩ።"

የጌታሁን እጄን ያዘና "እሺ፣ እነግራቸዋለሁ" አለኝ።

ቱሊ ጉሌድ ስንደርስ ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ወደ ሂባቅ ሄጄ ጉትቻዋን መለስኩላት።

"እህስ? ጓደኛሽ አየችሽ?"

"አየችኝ።"

"ቀናች?"

"ቀናች።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

"የቀናችብኝ ነገር እኮ፣ ሂባቅ፣ እኔም ጋ አልነበረም።"