እጅ የሚያውቃት ላም

ሲቲ የጠፋችባትን ላም ያገኘቻት በሁለተኛው ወር ነው፤ ሮቢት ከተማ ዳር፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ካለው የዒምራን በረት ውስጥ። ቀንዷ ተቆርጧል፣ ቃጭሏ የለም፣ ግን ወለላ ናት። ሲቲ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ስሟን ስትጠራ ላሚቱ ጆሮዋን አቆመች። ዒምራንም ዱላውን ይዞ ወጣ።

«ከዋጃ ገበያ የገዛኋት ናት። ሂጂ ከዚህ!»

ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆቿን በዚያች ላም ወተት የምታሳድግ ሴት ናት። አልቅሳ ትመለሳለች ብሎ ከነበረ ተሳስቷል። ሲቲ ቀጥ ብላ የአገሩ አስታራቂ ወደሆኑት ወደ አባጋር አራጌ ሄደች።

ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። እንደ ወጉ የላሟን ምልክት ተናገሪ አሏት።

«ቀይ ናት።»

«ራያ ውስጥ ቀይ ላም ሞልቷል» አሉ አባጋር አራጌ።

በስልኳ ያነሳቻትን ፎቶ አሳየቻቸው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ይህቺማ ቀንድ አላት» ብለው መለሱላት።

«አፉ የተሰነጠቀ ቃጭል ነበራት።»

ዒምራን ሳቀ። «ወላሂ፣ ቃጭል የሚባል ነገር አንገቷ ላይ አላየሁም! ቤቴም የለም።»

የራያ ወንድ ከብት አውቃለሁ ይላል። ያውቃልም፤ ከሩቅ፣ በቀንዱ፣ በሻኛው፣ በቀለሙ። በዚህ መኩራቱን ማን ይከለክለዋል? ቁጢጥ ብሎ ላሚቱን ከሥር የሚያያት ግን የለም። ሲቲ አንድ ምልክት ቀርቷታል። ዒምራን ፊት ብትናገረው ግን በማግስቱ በምላጭ እንደሚያጠፋው ስለገባት አልተነፈሰችም።

«አባ፣ ቀንድና ቀለም የእናንተ ይሁን። እኔ ስድስት ዓመት ያለብኳት ነኝ። ዓይኔን አስራችሁ ከሚመስሏት ጋር ቀላቅሏት። በእጄ ካላወጣኋት ሁለተኛ ስሟን አላነሳም።»

«ሴትዮዋ አበደች እንዴ?» አለ አንዱ።

አባጋር አራጌ ግን ተስማሙ። ሐሙስ ጠዋት አምስት ቀያይ ላሞች ከሰፈር ተሰበሰቡ። ስድስተኛዋን ዒምራን ራሱ እየነዳ አመጣ። ሽማግሌዎቹ ከሩቅ አዩዋት፤ ቀይ ናት፣ ቀንዷ ተቆርጧል። ያችው ናት ብለው ከአምስቱ ጋር ቀላቀሏትና ተቀመጡ። ሁለት ሦስቱ ላሞች ቃጭል ስላሰሩ ስለ ቃጭል ያሰበ አልነበረም።

የባሏ እህት አሲያ የሲቲን ዓይን በሻሽ አሰረችው። ሲቲ ከመጀመሪያዋ ላም ሥር ቁጢጥ ብላ ግቷን ዳሰሰች። አይደለችም። ሁለተኛዋ በእርግጫ ልትላት ነበር። አይደለችም።

ወደ ሦስተኛዋ ስትጠጋ ቃጭል ሰማች። ያ የተሰነጠቀ ድምፅ! ስድስት ዓመት ሙሉ ላሟን ከመስክ ስትመለስ የምትቀበልበት ድምፅ። ልቧ ዘለለ። «ወለላ!» ብላ ልትጮህ አፏን ከፍታ ነበር። እጇ ግን ቀድሞ ወደ ኋለኛው የግራ ጡት ሄደ። ጫን አለችው። ልስልስ ያለ ነው። ደግማ ዳሰሰችው፤ ምንም የለም። ጆሮዋ ናት ናት ይላታል፣ እጇ አይደለችም ይላታል። ያኔ እውነትም ፈራች። የቀሩትን ሦስቱን እያንዳንዳቸውን ዳሰሰች።

«አንዷን ምረጪ እንጂ!» አሏት ሽማግሌዎቹ።

«እዚህ የለችም።»

ሰፈሩ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ዒምራን ነው። «ሰማችሁ አይደል? አለቀ!»

ሲቲ ሻሹን ከዓይኗ ገፋ አደረገች። «አላለቀም። ሦስተኛዋ ላም የእኔ አይደለችም፤ አንገቷ ላይ ያለው ቃጭል ግን የእኔ ነው። አባ፣ ተነሱና አፉን እዩት።»

አባጋር አራጌ ተነሱ። ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህቺን ላም ማን ነዳት?»

ሰው ሁሉ ወደ ዒምራን ዞረ።

«ቃጭል አላየሁም ብለህ በፊቴ ምለህ አልነበር?»

ሲቲን እንዲያሳስታት ያሰረው ቃጭል እሱኑ አጋለጠው።

ወለላን ከቤቱ ጀርባ፣ ከማሽላ አገዳ ክምር ኋላ ታስራ አገኟት። አሁን ሲቲ ምልክቱን ተናገረች፤ በኋለኛው የግራ ጡት ውስጥ ሽምብራ የምታክል፣ ላያት የማትታይ ቋጠሮ አለች። አባጋር አራጌ በዚያ ዕድሜያቸው ከላም ሥር ቁጢጥ አሉ። ሲነሱ ገመዱን ፈትተው ለሲቲ ሰጧት።

«ቃጭሏንም ልሰርላት?» አለች አሲያ።

ሲቲ ቃጭሉን ተቀበለቻትና ወደ ዒምራን የግቢ በር ሄደች። ከላይኛው አግዳሚ እንጨት ላይ አጥብቃ አሰረችው።

«እኔ ላሜን ለማወቅ አያስፈልገኝም። እሱ ግን ሲወጣና ሲገባ ሰው ይወቀው።»

በሩን አንዴ በእግሯ ገፋችው። ቃጭሉ ጮኸ። ሲቲ ወለላን እየነዳች ወደ ቤቷ ሄደች።