አስካለ የደበቀችው ሲጋራ

አስካለ ሲጋራ እንደምታጨስ ጎብዬ ከተማ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ባሏ ገዛኸኝም አያውቅም። አስፋልቱ ዳር ባለችው ምሳ ቤቷ ሾፌርና ገበያተኛ ስታስተናግድ ትውልና፣ ሰው ቀለል ሲል ጓሮ ካለው ሽንት ቤት ጀርባ ቆማ ቶሎ ቶሎ ትስባለች። ከዚያ እጇን በሎሚ ታሻለች፤ ቅርንፉድ ታኝካለች። ገዛኸኝ ልብሷ ሲሸተው፣

«እነዚህ ሾፌሮች በጭስ ጨረሱሽ እኮ» ይላታል።

የጀመረችው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ወደ ደሴ ሲሸሹ የመጀመሪያ ፅንሷ መንገድ ላይ ወረደባት። ተፈናቃይ በሰፈረበት ትምህርት ቤት ወለል ላይ ተኝታ ስታለቅስ፣ አጠገቧ የነበረች ራሔል የምትባል ሴት «እንኪ፣ ትንሽ ያደነዝዝሻል» ብላ ሲጋራ ለኮሰችላት። እውነትም አደነዘዛት። አገር ሲረጋጋ ወደ ጎብዬ ተመለሱ፤ ሲጋራውም አብሯት ተመለሰ። ካቻምና ሁለተኛው ፅንስ ወረደ። ያኔ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። እሷ ግን ለራሷ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። እንዲህ እያለችም ማጨሱን አልተወችውም።

አሁን ሦስተኛውን ፀነሰች። ሁለት ስለወረደባት ክትትሏን ቆቦ ሆስፒታል እንድታደርግ ተነገራት። አዋላጇ ሲስተር ፍሬሰላም ስትመረምራት፣

«ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ?» ብላ ጠየቀች። ዓይኗ ገዛኸኝ ላይ ነበር።

ገዛኸኝ ሳቀ። «ኧረ እኛ ቤት! እኔ ሽታውንም አልወድ።»

«የለም» አለች አስካለም፣ ወለሉን እያየች።

እቤት እንደገባች የቀራትን ሲጋራ ሽንት ቤት ጣለችው። ራሷን ይወቅራት ጀመር። ወጥ ደፋች፤ ጨው ጨምራ እንዳልጨመረ ሰው ደግማ ጨመረች። በባዶ ሜዳ ከገዛኸኝ ጋር ትጣላለች። እሱ የእርግዝና ነገር መስሎት «አይዞሽ፣ ያልፋል» ሲላት ይብስባታል። ቢሰድባት በቀለላት ነበር።

የደንበኞቿ ጭስ ግን ከሁሉም የከፋ ሆነባት። አንዱ ሲለኩስ አፏ ምራቅ ይሞላል፤ ሳታስበው ወደ ጠረጴዛው ትጠጋለች። በመጨረሻ እቤቷ ውስጥ ማጨስ ከለከለች። ከዋጃ ሽንኩርት የሚጭነው የአይሱዙ ሾፌር ታሂር የቆየ ደንበኛዋ ነው።

«ምነው አስኩ፣ ምን አጠፋን?» አላት።

«አርግዣለሁ። ውጭ አጭሱልኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! እንዲያ በይን እንጂ!» ብሎ ተነስቶ ወጣ።

ሌሎቹ ሾፌሮች ግን ወጥተው ከፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት ገቡ፤ እዚያው ቀሩ። የዚያን ዓመት የገዛኸኝ ሽንኩርት ማሳ ላይ በስብሶ ስለነበር ቤቱ የሚኖረው በምሳ ቤቷ ነው።

«ሰው እኮ እያባረርሽ ነው» አላት ገዛኸኝ።

«ጭሱ ያመኛል አልኩህ!»

«እስከዛሬ አላመመሽ!»

ትሪውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

አንድ ቀን፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ፅንሱም መንፈራገጥ ከጀመረ በኋላ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጭጭ አለባት። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣች። በጎኗ ተኛች። ምንም የለም። ሁለተኛው ሲወርድም የጀመረው እንዲህ ነበር። ሮጣ ወደ ሐኪም መሄድ ነበረባት። እሷ ግን ታሂር እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ ከተወው ፓኮ አንድ ሲጋራ መዘዘች፤ ላይተሩንም አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ኋላም ማስረዳት አልቻለችም። ሳበች። ራሷ ዞረ። እያለቀሰች ደግማ ሳበች።

«አስካለ?»

ገዛኸኝ የውሃ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። ሲጋራውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ልጁ አልተንቀሳቀሰም» አለችው። «ከጠዋት ጀምሮ።»

«የያዝሽውን ነው የምጠይቅሽ!»

«ከደሴ ጀምሮ ነው። ባለፈውም እኔ ነኝ የገደልኩት። ይኸው ይሄንንም ገደልኩልህ። ምታኝ ገዛኸኝ። አፈር ስሆን ምታኝ!»

እጁ ተነሳ። አየር ላይ ቆየና ሲጋራውን ከጣቷ መትቶ ጣለው፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሲረግጠው ቆየ። ከዚያ ክንዷን ያዘ።

«መራመድ ትችያለሽ?»

ታሂር ምሳውን ትቶ ሁለቱንም ጋቢና አሳፍሮ ወደ ቆቦ ነዳ። ሮቢትን ሲያልፉ ታሂር እንደ ልማዱ ሲጋራ አፉ ላይ ሰካ፤ እሷን አየና ሳይለኩሰው አውጥቶ መስታወቱ ሥር አኖረው። አስካለ ቆቦ እስኪደርሱ ዓይኗን ከዚያች ሲጋራ ላይ መንቀል አቃታት። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ይሙት ይኑር ሳታውቅ፣ ያን ሰዓት እንኳ አማራት። ራሷን እንደዚያ ቀን ጠልታ አታውቅም።

ሲስተር ፍሬሰላም ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጋ ፈለገች። ቦታ ቀየረች። ደግማ ቀየረች። አስካለ ዓይኗን ጨፈነች።

«አለ» አለች ሲስተር። «ስሚው፣ ልቡ ይመታል።»

ገዛኸኝ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። አስካለ ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገረች።

«ያለፉትን ያጠፋው ሲጋራው ይሁን ሌላ እኔ ላውቅልሽ አልችልም» አለች ሲስተር። «ይሄኛው ግን በሕይወት አለ። አሁን ብታቆሚ ይጠቅመዋል።»

«ሞከርኩ እኮ። አቃተኝ።»

«ማን ያውቅ ነበር ስትሞክሪ?»

«ማንም።»

ሲስተር ብድግ ብላ በሩን ከፈተችና ገዛኸኝን ጠራችው።

እቤት ከተመለሱ በኋላ ገዛኸኝ ብዙ ቀን አኩርፎ ሰነበተ። ግን የሾፌሮቹ ጭስ እንዳይደርሳት ምሳ ቤቷን ዘጋት፤ ከአጠገቧም አልራቀም። ጓሮ ስትወጣ ተከትሏት ይወጣል።

«ዘበኛ ሆንክብኝ!»

«ሆንኩ።»

አንድ ከሰዓት ጭልፋ ወረወረችበት። ወዲያው ደግሞ እግሩ ሥር ተደፍታ «አንድ ብቻ ግዛልኝ፣ በእመቤቴ፣ አንድ ብቻ» ብላ ለመነችው። ገዛኸኝ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ በደሴው መንገድ እንኳ አላለቀሰም።

«አልገዛልሽም» አላት። «እኔም ልጆቼን አጥቻለሁ አስካለ። አልገዛልሽም።»

አቅፋው አብራው አለቀሰች። የማጨስ አምሮቷ ግን በነጋታውም አልለቀቃት፤ ከዚያም በኋላ አልለቀቃት። ቢሆንም አላጨሰችም።

ልጅቷ ቀኗ ሳይደርስ፣ እፍኝ የማትሞላ ሆና ተወለደች። አስካለ ደረቷ ላይ ለጥፋ እያሞቀች፣ እስትንፋሷን እየቆጠረች ሆስፒታል ሰነበተች። እያንዳንዷን ሳል የራሷ ጥፋት አድርጋ ትሰማት ነበር። ልጅቷ ግን ቀስ እያለች ጡት መሳብ ጀመረች።

ምሳ ቤቷ እንደገና ተከፍታለች። ሰሞኑን ልጅቷን ታቅፋ ስታጠባ አንድ መንገደኛ ደጃፉ ላይ ቆሞ ለኮሰ። ነፋሱ ጭሱን ወደ ውስጥ ሲያስገባው አስካለ ጥርሷን ነከሰች።

«ገዛኸኝ!»

ከጓሮ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆንሽ? ልጅቷን ምን አገኛት?»

«እሷስ ደህና ናት። አምሮቱ መጣብኝ።»

በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። አምሮቱ ያን ቀን ቶሎ አልለቀቃትም፤ ምሳ የፈለጉ ሰዎች ገብተው፣ ጠብቀው፣ ወጥተው ሄዱ። እሱ አልተነሳም፤ እሷም አልተነሳችም።