ግራጫ ክዳን

እኔ ሰው ቶሎ አላደንቅም። ሱሉልታ ባለ አንድ ክሊኒክ አሥራ አንድ ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ ከልቤ «ጎበዝ ነሽ» ያልኳት አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷንም ስልክ ልዘጋባት ምንም አልቀረኝም ነበር።

መኪያ ትባላለች። ቡራዩ ላቦራቶሪ ውስጥ እኛ የምንቀዳውን ደም የምትመረምረው እሷ ናት። ደሙን የምንልከው በሚኒባስ ነው፤ ለሹፌሩ ለዛኪር እሰጠዋለሁ፣ እሱ ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀምጠዋል።

የዚያን ቀን ከሰዓት ታካሚዬ ኦቦ ኦዳ ፊቴ ተቀምጠዋል። ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። የጣት መመርመሪያው ስትሪፕ አልቆብን ስለከረመ የያዝኩት ከቡራዩ የመጣውን የትናንቱን ውጤት ነው፤ መቶ ሃያ። በወሩ ውስጥ ሦስተኛው ጥሩ ውጤት ስለሆነ ሐኪማችን መርፌው በግማሽ እንዲቀነስ ጽፏል። ኦቦ ኦዳ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ወረቀቱን ልሰጣቸው ስል ስልኬ ጮኸ።

«ያኔት፣ የኦቦ ኦዳን ውጤት እንዳትሰጪ» አለች መኪያ። «ስንት ሰዓት ቀዳሽው?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

«እኔ ጋ የደረሰው ስምንት ሰዓት ነው። የብልቃጡ ክዳንም ቀይ ነበር።»

«ግራጫው አልቆብን ነዋ። ደም ያው ደም ነው፤ አሁን ምን ልሁን ነው የምትይው?» ንዴቴ መጣ።

«የተቀዳ ደም የሞተ መስሎሽ ነው? ሴሎቹ ብልቃጡ ውስጥም ስኳር ይበላሉ። ሲሞቃቸው ደግሞ ኢንዛይሞቻቸው ይፈጥናሉ፤ ዛኪር ፀሐይ እያሞቀው ነው የሚያመጣው። ግራጫው ውስጥ ፍሎራይድ አለ፣ ስኳሩን ከሚሰባብሩት ኢንዛይሞች አንዱን ይዞ ያቆመዋል። ቀዩ ውስጥ ከልካይ የላቸውም።»

የእኛን ውጤት ሁሉ ደሙ ከደረሰበት ሰዓት ጋር ስትመዘግብ ኖራለች። ዛኪር በዘገየ ቁጥር ስኳሩ ይወርዳል። ይህም አልበቃት ብሎ በጠዋት ከራሷ ክንድ ደም አስቀድታ፣ ግማሹን በቀይ ግማሹን በግራጫ አድርጋ መስኮት ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል አቆየችው። ግራጫው ብዙም አልተነካ። ቀዩ ከሲሶ በላይ ጎድሏል።

«ኦቦ ኦዳ፣ መርፌው ባለበት ይቆያል» ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ደስታቸው ከፊታቸው ጠፋ።

አሥር ሰዓት ላይ መኪያ ከዛኪር ሚኒባስ ወረደች፤ ባለ ግራጫ ክዳን ብልቃጦችና የጣት መመርመሪያ ይዛለች። እዚያው ሲጠብቁ የቆዩትን የኦቦ ኦዳን ጣት ወግታ ለካች። ሁለት መቶ ሠላሳ። ያን ወረቀት ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ ማታውኑ መድኃኒታቸውን ይቀንሱ ነበር።

እሳቸው ግን ቁጥሩን ትተው የሚያዩት እጅጌዋን ስትሰበስብ የታየውን፣ የበለዘውን ክንዷን ነው።

«ምን ነካሽ ልጄ?»

«የእርስዎን ደም አላመንኩትም ኦቦ፤ የራሴን አስቀድቼ ነው ያረጋገጥኩት።»

ክንዷን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ገለቶሚ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኗት። እኔም ጎበዝ ነሽ ያልኳት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ኦቦ ኦዳ ክዳኑን ሳያዩ ክንዳቸውን አይዘረጉልኝም።