የመሪው ጫፍ

ከብዙ ዓመት በፊት ሁለት ነርሶች ጎማ ሊያስጠግኑ መጥተው፣ ብስክሌት ጠጋኙ የጎማውን ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ ሲፈልግ አጠገቡ ቆመው ያወሩ ነበር።

«ከብስክሌት የወደቀው ልጅ ሆዱ ላይ ማኅተም የመሰለች ክብ ነገር ብቻ ነበረች እኮ። ምንም አይልህም ብለን ሸኘነው።»

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ ትከሻዬን አለ። ትከሻውን ደግሞ ምንም አልነካው። ለካስ ሆዱ ውስጥ...»

የቀረውን የፓምፑ ድምፅ ዋጠው። ጠጋኙም ጎማውን ሞልቶ ሰጣቸው፤ ወሬውንም ረሳው።

ዛሬ ጠዋት ታናሽ ወንድሙ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ለየሱቁ ዳቦ የሚያደርስ፣ ቆሞ ስለማያውቅ «ባቡር» የሚሉት ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ቸርኬዋን ቶሎ አቃናልኝ። ዳቦው ይጠብቀኛል።»

«ምን አገኘህ?»

«ትናንት ጉድጓድ ገባሁ። መሪው ዞረና ሆዴን ጎሸም አደረገኝ፤ ሌላ የለም።»

ጠጋኙ መሪውን ጨበጠና እጁ እዚያው ቀረ። የመያዣው ጎማ ጫፍ ተቆርጦ ባዶው ብረት ወጥቷል። የቆረጠው ራሱ ነው። አዲስ የመያዣ ጎማ ውስጡ አየር ታፍኖ አልገባ ሲል ጫፉን በምላጭ ቆረጥ ማድረግ የዘወትር ዘዴው ነበር፤ ሥራ ያፈጥናል።

«ሸሚዝህን ግለጥ።»

«መንገድ ላይ? ሰው ያያል።»

«አንተን ብሎ የሚቆም የለም። ግለጥ ስልህ!»

ከግራ የጎድን አጥንቱ በታች የመሪው ብረት ጫፍ ቁልጭ ብሎ ታትሟል፤ ክብ፣ የበለዘ። የዚያን ጊዜው የነርሶቹ ወሬ ትዝ አለው።

«ሌላስ የሚያምህ?»

«አተኛኘቴ ነው መሰለኝ፣ ግራ ትከሻዬን ይዞኛል።»

ጠጋኙ ሱቁን ሳይዘጋ ታክሲ ጠራ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ባቡር ለሐኪሟ «ትንሽ ወድቄ ነው» ብሎ ሊገላገል ነበር። ጠጋኙ ግን ጣልቃ ገባ። «መሪው ነው የወጋው፣ ዶክተር። ጎማውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ሆዱን ቀስ ብላ ጫን ጫን አደረገችና ወዲያው በአልትራሳውንድ አየችው። «ጣፊያው ተሰንጥቋል። ዙሪያው ደም አለ፣ ብዙ አይደለም። እስካሁን የደም ግፊቱ ደህና ነው፤ እንዲሁ ከቆየ ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል። ከወረደ ግን የቀዶ ጥገናው ክፍል ዝግጁ ነው። እንዲህ ሆኖ ብስክሌት ቢነዳ ኖሮ...» ብላ ተወችው።

ሁለት ቀን ደሙን እየቀዱ ለኩ፤ ግፊቱን በየሰዓቱ አዩ። ጠጋኙ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ድምፅ ሳያሰማ በጸሎት ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። በሦስተኛው ቀን «የደሙ መጠን አልወረደም፤ መድማቱ ቆሟል» ሲሉት ፈጣሪውን አመሰገነ። ቀጥሎ መልካቸው የጠፋበትን ሁለቱን ነርሶች አሰበና ለእነሱም ዕድሜ ለመነላቸው።

«ከዚህ ወጥተህም ቢሆን ሦስት ወር ብስክሌት የለም» አለች ሐኪሟ።

«ሦስት ወር? ዳቦውን ማን ያደርሰዋል?»

«እኔ» አለ ጠጋኙ።

«አንተ? ፍሬን ለመሞከር ካልሆነ ወጥተህባት ታውቃለህ?»

«እማራለኋ። የመሪውንም ጎማ ጫፉ ድፍን በሆነ ቀይሬዋለሁ። የቆረጥኩባቸውን ሌሎች ደንበኞችም ልቀይርላቸው እየጠራሁ ነው።»

ባቡር ሳቅ ሲመጣበት ሆዱን ያዘ። ከዚያ እጁን ትራሱ ሥር ሰደደና የብስክሌቱን ቁልፍ አውጥቶ ወንድሙ መዳፍ ላይ አኖረው።

«እሺ ጋሼ» አለ። «እተኛለሁ።»