የሙሐመድዘይን ዐይንና የመርሳ ሽማግሌዎች

በስልሳ ሁለት ዓ.ም. የመርሳው ልብስ ሰፊ ሙሐመድዘይን ጨረቃን ሦስት አድርጎ ማየት ጀመረ። ሁለቱ ጅራት ነበራቸው። የረመዳን ጨረቃ ስትጠበቅ ታዲያ እሱን «ታየችህ ወይ?» የሚለው ጠፋ፤ ሰው አንዱን ጾም መች ቻለውና! ከዚያ መርፌውም ሦስት ሆነበት። ክር የምታስገባለት ሚስቱ ሁሪያ ነበረች።

ሐኪም አላጣም። የውርጌሳው ወጌሻ ጆሮ ግንዱን በምላጭ በጣው። የሐራው ባለመድኃኒት ቅንድቡን በጋለ ብረት ተኮሰው። ዐይኑ ግን ጆሮ ግንድና ቅንድብ ሲቀጡ ዝም ብሎ ያይ ነበር፤ ያውም ሦስት ሦስት እያደረገ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄዶ ታየና ተመለሰ። እኔም ሱቁ ደጃፍ እንደልማዴ ተቀምጬ አዳመጥኩት።

«የዐይኔ ፊት ያለው ጥርት ያለው ሽፋን ሳስቶ፣ እንደ ጎጆ ጫፍ ሾሎ ወጥቷል አሉኝ። መነጽር አያቃናውም። ዐይን ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ብርጭቆም ሞክረውልኝ ነበር፤ አልቻልኳትም። የቀረው ቀዶ ጥገና ነው። የሾለውን በክቡ ቆርጠው ያወጡና፣ ከሞተ ሰው ዐይን የተወሰደ እራፊ ይጥፉበታል።»

«በምን ይሰፉታል?» አልኩት።

«በክር ነዋ! ከጸጉር የቀጠነ ክር!» አለ። ፊቱ በራ፤ ሞያውን እዚያ ድረስ አግኝቷታል። «ነገ በአውቶቡስ ሄጄ እዚያው ተራ እጠብቃለሁ።»

ማንም ሳይጠራቸው ሽማግሌዎቹ ማምሻውን ሙሐመድዘይን ቤት ተሰየሙ፤ ሐጂ አብዱልሐሊም ከእስላሙ፣ አቶ አንዳርጋቸው ከክርስቲያኑ። በአገራችን ሠርግ ሁለት በሬ ይታረዳል፤ አንዱን እስላም፣ ሌላውን ክርስቲያን ይባርከዋል፤ ድስቱም ለየብቻ ነው። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ነገሩ የጀመረው ከዚሁ ነው።

«ለመሆኑ» አሉ ሐጂ፣ «ዐይኑ የማን ነው? የእስላም ነው የክርስቲያን?»

«አልነገሩኝም፣ ሐጂ።»

«የእስላም ይፈለግለት እንጂ!» አሉ አቶ አንዳርጋቸው በቁጣ። «በድግሳችን ለይተን ስናቀርብ የኖርን ሰዎች፣ ዛሬ በዐይን ልንታማ ነው?»

«ሐኪሙ ካልለየስ?» አልኩ።

«ካልለየ ይቅራ! የተጠረጠረ ነገር ይተዋል» አሉ ሐጂ። «ደግሞ ሦስት ማየት ምን ክፋት አለው? አላህ ለሌላው አንድ የሰጠውን ለእሱ ጨምሮለት ነው።»

ሙሐመድዘይን አንገቱን ደፋ። ሽማግሌ ረግጦ የሚሄድ ሰው አይደለም። ቢቀር ደግሞ መርፌውን እስከ ወዲያኛው መሰናበቱ ነው። እኔም በልቤ ወደ እመቤቴ ጸለይኩ።

ሁሪያ ከጓዳ ብቅ አለች። «ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ባሌ ሊያይበት ነው ወይስ ወጥ ሊሠራበት?»

ሐጂ አቶ አንዳርጋቸውን አዩ። አቶ አንዳርጋቸው መሬቱን አዩ። ሁለቱም ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ሙሐመድዘይን በማለዳው አውቶቡስ ሄደ።

ከወራት በኋላ አንድ ዐይኑን ተሠርቶ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ የክት ኮታቸውን ለብሰው ሊጠይቁት መጡ።

«እህሳ፣ የማን ሆነ?» አሉ ሐጂ፣ ከሰላምታው በፊት።

«አልጠየቅኩም። አላህ ይዘንለት ብቻ ብያለሁ።»

ያልተሠራውን ዐይኑን ጨፍኖ አቶ አንዳርጋቸውን ከላይ እስከ ታች አያቸው። እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ጋሼ፣ ይህን ኮት የሰፋሁልዎ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነሃ! አምና፣ ለልጄ ሠርግ።»

አንደኛው እጅጌ ጣት ይሸፍናል፤ ሌላው ከክርን ብዙም አላለፈ። የሐጂ ኮሌታ ደግሞ ወደ ወልድያ ሊሄድ የተነሣ ይመስል ነበር። ያን ዓመት የሰፋላቸው ሁሉ እንዲሁ ነበሩ።

«ምነው ሳትነግሩኝ?»

«እንዴት ተብሎ!» አሉ አቶ አንዳርጋቸው። «ይሉኝታ አለን እኮ!»

የሬሳ ሃይማኖት ሲመረምሩ ያመሹት ይሉኝታቸውን ለካ ለእጅጌ አስቀምጠውት ኖሯል።

«ያውልቁት» አለ ሙሐመድዘይን። «ሐጂም ያውልቁ።»

ሁለቱም በሸሚዝ ቀሩ። ሁሪያ እንደልማዷ መርፌውንና ክሩን አንሥታ ጫፉን በምራቋ ልታርስ ስትል፣ እጁን ዘረጋላት።

«አምጪው» አላት። አንዴ ብቻ ሞከረ፤ ገባለት።