ያለ ጠብ ሽምግልና

"እዚህ ሁሉም አብሮ ይበላል፤ ሳህኑንም በተራ ያጥባል" አለች መምህርቷ፣ የመመገቢያ አዳራሹን በር እየከፈተች።

አስካለ ማርያም አንገቷን አስግጋ አየች። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ከመስኮቱ ማዶ ግራጫ ባሕር። ከስቶክሆልም ወጣ ባለች ደሴት ላይ የተተከለ ትንሽዬ ኮሌጅ ነው። ፍልስፍና፣ ታሪክና ሙዚቃ ያስተምራሉ፤ አዳሩም እዚያው ነው።

"ሲጨርሱ ታዲያ ምን ይሆናሉ?"

"እሱን ለማወቅ ነው የሚመጡት።"

"ወይ ጉድ!" አለች አስካለ በአማርኛ። "ለዚህ ነው ልጄ ቤቷን ጥላ የምትወጣው?"

ከምትኖርበት ሰፈር ከሃግሴትራ ድረስ ጋሽ ዓምደ ሚካኤልን ይዛ የመጣችውም ለዚሁ ነበር። ልጅ ሳታገባ ከእናቷ ቤት ከወጣች ተጣልታ ነው፤ ለጠብ ደግሞ ሽማግሌ አለለት። እሳቸው ስዊድን በተማሪነት መጥተው በዩኒቨርሲቲ አስተማሪነት ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው። መምህርቷ ግን የልጅቷ አያት መስለዋት ወንበር አቀረበችላቸውና ሄደች።

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ከእናቷ አጠገብ የተቀመጠችውን ልጅ እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሜላት ልጄ፣ እናትሽ ምን በደለችሽ?"

"ምንም" አለች ሜላት፤ የቀረውን በስዊድንኛ ቀጠለች። "አልተጣላንም። ወንድሜ ዮናታን ከሞተ ወዲህ እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። መጋረጃ አይገለጥም፣ ቴሌቪዥን አይከፈትም። ስስቅ ደግሞ ታየኛለች። ጋሼ፣ እኔ እኮ አልሞትኩም!"

ለወትሮው ተረት የማያጡት ሽማግሌ ያለ ተረት ወደ እናትየው ዞሩ።

"አስካለ፣ የሙት ዓመቱ ሲወጣ ከልሽን ማስወለቅ የእኛ ፋንታ ነበር። ሐዘንሽን ፈርተን ተውንሽ። እዚህ የማስታርቀው ሰው የለኝም።"

አስካለ ተናደደች። ወንድምሽን እንድረሳው ነው የምትፈልጊው ልትላት አፏን ከፈተች፤ ግን ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነው። እቤት ውስጥ ሳቅ በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል። በልጇ ሳቅ ትቆጣለች፤ ምን ዓይነት እናት ናት? አፈረች፤ እንባዋ መጣ።

ሜላት ተጠግታ እጇን ያዘቻት። አሁን በአማርኛ ነበር። "እማዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። እሺ? አልቀርም።"

አስካለ ያንን ቤት አሰበችው። ጥቁሩን ልብስ ዛሬ ወይም ነገ የማውለቅ አቅም እንደሌላት ልቧ ያውቃል።

"አትምጪ" አለች።

ሜላት ክው አለች።

"ተቀይሜሽ አይደለም። እዚያ ቤት አትምጪብኝ። ይህን ጥቁር ያወለቅሁ ቀን፣ እኔው እመጣለሁ።"