ደሴ ያልደረሰበት ብሎን

ዋጋዬ መኪናዋን ለመሸጥ ከተስማማች በኋላ ነው፣ ሳትጠገን ከግቢዬ አትወጣም ያለችው። ልጇ ዮዲት ከባሕር ዳር ደውላ፣ "እማዬ፣ ገዢው ራሱ ጎትቼ ልውሰዳት ካለ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?" ብትላት፣ "አባትሽ አንድ ቀን ተጎትቶ እንጅባራ አልገባም። መኪናዋም ተጎትታ አትወጣም" አለችና ነገሩን ዘጋችው።

መኪናዋ፣ ባሏ ደሴ በጥሊሊና በዳንግላ መንገድ ሠላሳ ዓመት ሰውና እህል የጫነባት አሮጌ ላንድሮቨር ናት። ሚኒባስ በዝቶ ሥራው ሲቀዘቅዝም አልሸጣትም። በመጨረሻው ዓመት ፍሪሲዮኗ አለቀ፤ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ዳገቱን እምቢ ይል ጀመር። ደሴ "ሲሻለኝ እቀይረዋለሁ" እንዳለ ሳይሻለው ቀረ። እነሆ እሱ ካረፈ ሦስት ዓመት፣ መኪናዋም ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ከቆመች ሦስት ዓመት። አሁን አሊ የሚባል የጃዊ ገበሬ ሰሊጥ ልጫንባት ብሎ ተዋውሏል።

የከተማው ወጣት መካኒኮች መጥተው አዩና፣ ፍሪሲዮኑ የሚቀየረው ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ሲወርድ ነው፤ ይህን ዓይነቱን ደግሞ አውርደን አናውቅም አሉ። ዋጋዬ የሚያውቀውን ሰው ታውቃለች። ዳንግላ ነው ያለው። ስሙ ዓለምነው ይባላል፤ ለደሴ አሥራ አንድ ዓመት ረዳት ሆኖ የሠራ፣ ከዚያ ተጣልቶት የሄደ ሰው ነው። ስልኩን ካገኘች በኋላ ሁለት ቀን አመነታች። ስትደውል ዓለምነው ድምጿን ለየው።

"እትዬ፣ ጋሽ ደሴን ያልቀበርኩ ሰው በምን ፊቴ ግቢዎ እገባለሁ?"

"ፊትህን ተወው" አለችው። "እጅህን ይዘህ ና።"

ሐሙስ ረፋድ ላይ አዲሱን የፍሪሲዮን ዲስክና ኩሽኔታ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ከባጃጅ ወረደ። ያኔ ሸምበቆ የሚያህል ልጅ ነበር፤ አሁን ሆዱ ወጥቶ ጢሙ ሸብቷል፣ ቀኝ ትከሻውም ሪህ ይዞት ወደ ላይ አይነሳም። ሰላምታው አጭር ነበር። ዓይኑን ከመኪናዋ አላነሳም።

በዚህች መኪና ካምቢዮው የሚወጣው በታች ሳይሆን በውስጥ ነው። መጀመሪያ ወንበሮቹ ተፈተው ይወጣሉ፣ ቀጥሎ የወለሉ ቆርቆሮ። ዋጋዬ ቁልፍ እያቀበለች አጠገቡ ተቀመጠች። የትኛው ቁልፍ እንደሚፈለግ ሳይነግራት ነበር የምታቀብለው፤ ድሮም እንዲሁ ነበረች። የእሷ ወንበር ሲነሳ ከሥሩ ደርቆ ድንጋይ የሆነ ሽንብራ፣ የጥሊሊ ገበያ ደረሰኝ፣ አንድ የሕፃን ጫማ ወጣ። ጫማውን አነሳችው። የዮዲት ነው። ስትፈልገው ከርማ፣ ልጅቷን በባዶ እግሯ አሳድጋ ልትጨርሳት ነው ብሎ ደሴ የሳቀባት ጫማ።

"ዘንገና ሐይቅ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ የተበላሸችብን ጊዜ ትዝ ይልሃል?" አለችው።

"እንዴት ይረሳል። ያኔ ገና ሙሽራ ነበሩ።"

ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። ተሳፋሪው ዛፍ ሥር ተጠልሎ ቆሎ እየቆረጠመ ሲጠብቅ፣ እሷ ሸራውን በሁለት እጇ ወጥራ ከላይ ይዛላቸው፣ ደሴና ዓለምነው እዚያው መንገድ ዳር ፍሪሲዮን ቀየሩ። ደሴ ለምርቃት እንደተነሳ ሽማግሌ እያንዳንዱን ብሎን እየጠራ ይመርቀው ነበር። "ተባረክ፣ አሁን ውጣ" ይለዋል። ብሎኑ እምቢ ሲል ደግሞ ይለምነዋል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ከሚያያይዙት ብሎኖች የላይኛው ነበር፤ በጠባብ ቦታ፣ በጭፍን፣ በጣት ጫፍ ብቻ ነው የሚደረስበት። የደሴ ክንድ ወፍራም ነው፣ አይገባም። ያ ብሎን የዓለምነው ነበር። ስሙም "የዓለምነው ብሎን" ተባለ።

ኋላ ዓለምነው መንጃ ፈቃድ ላውጣ፣ አንዳንዴም መሪውን ስጠኝ ሲል ደሴ በሰው ፊት "አንተ ለቁልፍ እንጂ ለመሪ አልተፈጠርክም" አለው። በማግስቱ አልመጣም። እንዲያው በቀልድ የወጣች ቃል ነበረች፤ ሃያ ዓመት ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ዓለምነው አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ብሎኖቹን እየፈታ ሳለ ድንገት ቆመ።

"እትዬ፣ እዚህ ብሎን የለም።"

"የቱ?"

"የላይኛው። የኔ።" ጣቱን አውጥቶ አሳያት፤ ጥቁርና የደረቀ ጭቃ ነበረበት። "ጭቃው ቀዳዳው ውስጥ ጠጥሯል። ከብዙ ዓመት በፊት ነው የጎደለው።"

ዋጋዬ ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ያን ቀን አስታወሰችው። ዓለምነው በሄደ በዓመቱ ደሴ እዚሁ ግቢ ፍሪሲዮን ብቻውን ቀየረ። አንድ ቀን የሚፈጀው ሥራ ሁለት ቀን ፈጀበት። በመጨረሻ ክንዱ ተልጦ እየደማ ወጣና፣ "በቃ፣ አንዱ ቢጎድልም ትሄዳለች" አላት። ሌላ ረዳት ቅጠር ብትለው አልቀጠረም። ተሳፋሪ "ያ ረዳትህ የት ሄደ?" ሲለው "ይመጣል" ነበር መልሱ። ይህን አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

ዓለምነው የቀዳዳውን ጭቃ በሽቦ እየፋቀ ሰማት። ፍቆ ከጨረሰም በኋላ መፋቁን አላቆመም።

"ለምን አልጠራኝም?" አለ ቆይቶ።

"አንተስ ለምን አልመጣህም?"

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል፤ ሰው ሲኮራ እንዲህ ነው።

ካምቢዮውን በባሕር ዛፍ ግንድና በሰንሰለት ወደ ኋላ ሳቡት። አሮጌው ዲስክ ሲወጣ ጥፍር የማይዝ ሆኖ ተልጎ ነበር። ዓርብ ጠዋት አዲሱን ገጠሙ፣ ኩሽኔታውን ቀየሩ፣ ካምቢዮውን እያወዛወዙ ወደ ቦታው መለሱት። ብሎኖቹ ሁሉ ገቡ። የቀረው የላይኛው ነው። ዓለምነው ከከረጢቱ ልኩን ብሎን መርጦ ክንዱን ሰደደ፤ ክርኑ ጋ ሲደርስ ተያዘ። በሌላ በኩል ሞከረ፣ ትከሻው ወጋው። ላብ በላብ ሆኖ ተቀመጠ።

"ያ እጅ ድሮ ቀረ" አለ።

"እንግዲያው ለኔ ስጠኝ" አለችና የቀሚሷን እጅጌ ሰበሰበች። በልቧ ተኝታ፣ ጉንጯን ከቀዝቃዛው ብረት አስጠግታ፣ ብሎኑን በሁለት ጣት ይዛ እጇን ወደ ጨለማው ሰደደች። ሁለት ጊዜ አመለጣት፤ ሁለት ጊዜ ዓለምነው ከታች ለቅሞ ሰጣት።

"አይቸኩሉ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ያዙሩት። ጥርሱ ሲነክስ ራሱ ይነግርዎታል።"

ቀስ ብላ አዞረች። "ነከሰ" አለች።

ወለሉንና ወንበሮቹን መልሰው ገጠሙ፤ ምሳ ሽሮ በሉና ባትሪ ተበድረው ሞተሩን አስነሱ። ዋጋዬ ወደ ነጂው ወንበር አልሄደችም፤ ዞራ በራሷ በኩል ገባች። ዓለምነው ውጭ ቆሞ ጠበቀ።

"ምን ቆምክ? ያዝ እንጂ መሪውን።"

"እኔ?"

"መንጃ ፈቃድ የለህም እንዴ?"

"አለኝ። ካወጣሁ አሥራ ሰባት ዓመቴ።"

ፍሪሲዮኑን ረግጦ አንደኛ ማርሽ አስገባና እግሩን ቀስ ብሎ ሲያነሳ መኪናዋ እንደ ድሮዋ አንዴ ተንፈስ ብላ ተነሳች። ከግቢው በስተጀርባ ያለውን የአፈር ዳገት፣ ያን እምቢ ያለችውን ዳገት፣ ሳትጮህ ወጣችው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ የከሰል እንጨት የጫነ ጋሪ መንገድ ዘጋባቸው። ባለጋሪው ፈረሱን ወደ ዳር ሲጎትት ላንድሮቨሩን አየና ልማድ ሆኖበት፣ "ጋሽ ደሴ፣ እንዴት ዋሉ!" ብሎ ባርኔጣውን አነሳ። ወዲያው ያለው ገብቶት ደነገጠ። በዓለምነው ፈንታ ዋጋዬ ናት በመስኮት "እግዚአብሔር ይመስገን" ያለችለት።

አሊ በአሥር ሰዓት መጣ። እግርህን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፈህ አትንዳ፣ በጃዊ ሙቀት ውኃዋን ጠዋት ጠዋት እይ አለችው። ቃሏን እንደ ሰው አደራ አዳመጠና ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ዓለምነውን እስከ ዳንግላ ሊያደርሰው ተስማማ። ዓለምነው ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ የዋጋዬን ትከሻ ሳመ።

"የጋሽ ደሴ መቃብር የት እንደሆነ ያሳዩኝ ነበር" አለ። "በሌላ ቀን።"

"ለሙት ዓመቱ ና። አብረን እንሄዳለን።"

ያን ምሽት እጇን በሳሙናም በአመድም ብታሸው የጥፍሯ ሥር ጥቁረት አልለቅ አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አጠገቧ የቆመችው ጎረቤቷ ሙሉወርቅ አየችባትና፣ "ምነው ዋጋዬ፣ እጅሽ ምን ሆነ?" አለቻት በሹክሹክታ።

"የመኪና ግራሶ ነው" አለች ዋጋዬ፤ እጇንም በነጠላዋ አልሸፈነችም።